ስሙን የማልጠራው ኮምፒዩተር

በዚህ ዓለም ሰው በቁጥር የሚጠራው እስር ቤትና ሐኪም ቤት ብቻ ነው፤ ሁለቱም ወዶ የሚገባባቸው የለም። ዘመድ ያለው ሰው በስሙ ይጠራል! ይህን ባልኩ ቁጥር የሰፈራችን ልጆች ይስቁና «እማማ ያልጋ፣ እኛ እንሙት፣ ያችን የኮምፒዩተሯን ነገር ይንገሩን» ይሉኛል። ስንት ጊዜ ሰምተዋታል... ግን የሚስቁት እኔ በምስቅበት ቦታ ሳይሆን ባፈርኩበት ቦታ ነው፤ ለእሱ ሲሉ ነው የሚያስደግሙኝ።

በሉ እንግዲህ፣ የልጆቹን ልብ ላድርስ፣ ለእናንተም ይድረሳችሁ። እንደምታውቁት በዚህ ዓምድ እኔ አወራለሁ፣ የልጅ ልጄ መልካም ትጽፋለች። ፊደልና እኔ ከሩቅ ሰላምታ ያለፈ ትውውቅ የለንም። የትምህርት ቤት ደጃፍ የረገጥኩት ልጅ ለማድረስና ልጅ ለመመለስ ብቻ ነው። ስለዚህ የተጣመመ ነገር ካያችሁ የእሷ ነው፤ ያማረ ካያችሁ የእኔ ነው።

እግሬ ቤት አይወድም። ተወልጄ ያደግሁት ፈረስ ቤት፣ ተድሬ የመጣሁት ከቡሬ ወጣ ብሎ፣ የባሌ እህት ያለችው ፍኖተ ሰላም... ይኸን ሁሉ ዘመድ ማን ይጠይቀዋል? እኔ ነኛ! የአንዱን ልቅሶ ደርሼ ሳልመለስ የሌላው ክርስትና ይደርሳል። የቡሬ ባለባጃጆች ገና እግሬን ሳነሣ «እማማ፣ ዛሬ ደግሞ ማን ሞተ?» ይሉኛል። ሚኒባሱ ጠመዝማዛው ላይ ሲያዘነብል ሌላው ተሳፋሪ ታቦት ይጠራል፣ እኔ ግን «ጋሻዬ ድረስ!» እላለሁ። ይችን ቃል ያዙልኝ፤ ኋላ ትፈለጋለች።

ዘዋሪ መሆን ጥቅምም አለው። ለአገሩ እንግዳ የሆነ ሁሉ የሚጠይቀው እኔን ነው። «የአያ እገሌ ቤት ወዴት ነው?» ሲለኝ፣ «ከወፍጮ ቤቱ ወደ ታች ውረድ፤ ሾላዋ ዘንድ ስትደርስ ወደ ቀኝ በል፤ ውሻው ይጮሃል እንጂ አይነክስም» እለዋለሁ። ስም ይዞ የመጣ ሰው ቤት ይዞ ይሄዳል። ይችንም ያዙልኝ... ዛሬስ ብዙ አስያዝኳችሁ መሰለኝ!

መልካምን ያሳደግኋት እኔ ነኝ። ቡሬ ካምፓስ ገብታ የኮምፒዩተር ትምህርቷን ጨርሳ ወጣች። ዲግሪዋን ግድግዳ ላይ ሰቀልነውና ክረምቱን ሙሉ አየነው፤ እሱም ክረምቱን ሙሉ አየን። ሥራ የሚባል ነገር ግን በደጃችን አላለፈም። በእሱ ፈንታ የመጣው ጫማውን ጭቃ የማይነካው አንድ ደላላ ነው። አረብ አገር ይላል፣ ፓስፖርት ይላል፣ ሰው ሁሉ ሄዶ አለፈለት ይላል። ሄደው ያላለፈላቸውን ስጠይቀው ሰዓቱን ያያል። ልጅቱም ዝም ብላ ተቀምጣ ዕድሜዋ ሲያልፍ ጊዜ ልቧ ሸፈተ፤ ፓስፖርቷን አወጣች።

እኔ ምን ልበላት? ራሴ ቤት የማልቀመጥ ሰው፣ ሌላውን «አትሂጂ» ለማለት አፌ አይጠናም። ግን ልንገራችሁ፣ ሰው የሚዞረው ሲመለስ የሚያገኘው ካለ ነው። እኔ ከፈረስ ቤት ደክሞኝ ስመለስ «ማን ሞተ? ማን ተዳረ? ምን በሉ?» ብላ የአገሩን ወሬ ሁሉ የምታስወራኝ እሷ ናት። ዞሮ ዞሮ ከቤት ይባላል፤ የእኔ ቤት እሷ ነበረች።

በዚህ መካከል የሰፈራችን ትምህርት ቤት ነገር መጣ። በጎ ሰዎች ኮምፒዩተር ሰጥተውት፣ ኮምፒዩተሮቹ አንድ ክፍል ውስጥ ጨርቅ ለብሰው እንደ ሙሽራ ተቀምጠዋል። ኢንተርኔት የሚባለው እዚያ አይደርስም፤ ቢደርስም እንደ ባለጠጋ ዘመድ ብቅ ብሎ መጥፋት ነው። መልካም ሄዳ «ኢንተርኔት ባይኖርም እርስ በርሳቸው ላነጋግራቸው እችላለሁ። መጻሕፍቱን ሁሉ አንዱ ላይ አኑሬ ልጆቹ ከሌሎቹ ያነቧቸዋል» አለች። የወላጆች ኮሚቴው መከረበትና «እስኪ ሥሪው፤ ቅዳሜ መጥተን እናየዋለን። ካማረ ትቀጠሪያለሽ፤ ካላማረ እግዜር ይስጥልን» አላት። ደላላውም «እስከ ቅዳሜ እታገሣለሁ» አለ። እኔና መልካም ከቅዳሜ ጋር ተፋጠጥን።

ምሳ ማድረስ ብዬ እየሄድኩ ስትሠራ አያለሁ። ሽቦው ግድግዳውን ይዞ እንደ ሐረግ ይሳባል። አንድ ቀን ስደርስ ዳይሬክተሩ መዳፉን እያገላበጠ ያማርራል። ለካስ እያንዳንዱ ኮምፒዩተር ቁጥር ኖሮታል፤ መጻሕፍቱ ያሉበትን ለማግኘት የእሱን ቁጥር መጻፍ ግድ ነው። ቁጥሩስ አጭር መሰላችሁ? መቶ ዘጠና ሁለት ነጥብ፣ መቶ ስድሳ ስምንት ነጥብ... እሱን እስኪጨርሱት ልጁ ክፍል ያልፋል! ዳይሬክተሩ መዳፉ ላይ ጽፎት ኖሮ በላብ ጠፍቶበታል።

«ለምን እንደ ሰው ስም አታወጭላቸውም?» አልኳት።

መልካም ሳቀች። «እሱን ልሠራ ነው፣ እምዬ። ይችን ትንሿን ዕቃ ያዩአታል? ስም አዋቂ ትሆናለች። ሌሎቹ ስም ይዘው እሷን ይጠይቃሉ፤ እሷ ቁጥሩን ትነግራቸዋለች። እርስዎ ቡሬ መናኸሪያ የሚሠሩትን ነው የምትሠራው።»

«ውሻው ይነክስ አይነክስ እንደሆነም ትናገራለች?»

«እሱን እንኳ አትችልም።»

«እንግዲያው ገና ናት» አልኩ።

ያም ሆኖ ነገሩ ገባኝ። የሚወጡት ስሞች ከትምህርት ቤቱ አጥር ውጭ እንደማይሠሩ ነገረችኝ፤ አገር የማያውቃቸው የቤት ስሞች ናቸው። ይኸማ የእኔው ነገር ነው! እኔ በአባቴ ቤት ጥሩሰው ነኝ። ተድሬ ስመጣ የባሌ እናት፣ ነፍሷን ይማርና፣ እንደ ወጉ «ያልጋነሽ» ብላ አዲስ ስም አወጣችልኝ። ፈረስ ቤት ሄዶ «ያልጋነሽ» ብሎ የጠየቀ ሰው እስኪመሽ ይዞራል፤ እዚህ መጥቶ «ጥሩሰው» ያለም እንዲሁ። ስም እንደ ላም ነው፤ የሚታወቀው በዋለበት መስክ ነው።

ነገሩ ስለገባኝ ስም አውጭነቱን ተረከብኩ። ለኮምፒዩተር የሚሆን ስም ከየት ይመጣል? እኔ ደግሞ ስም ያወጣሁት ለልጅና ለበሬ ነው፤ ልጅ ስላልሆኑ የበሬ ስም ሰጠኋቸው። ዳልቻ፣ ወይኖ፣ ቡሬ፣ መጋል... ወረቀት የሚያትመውን፣ ቀለሙ አመድ ስለሚመስል አመዶ አልኩት። መምህራኑ መጀመሪያ ቅር አላቸው፤ ወዲያው ግን «ወይኖ ዛሬ ለገመ»፣ «ዳልቻን አንቁልኝ» እያሉ እንደ ገበሬ ልጅነታቸው ለመዱት። የትልቁን ስም ግን፣ መጻሕፍቱ ያሉበትን ማለቴ ነው፣ መልካም እንቢ አለችኝ። «እሱን እኔ አውጥቻለሁ። ቅዳሜ ይሰሙታል፤ ደስ ይልዎታል» ብላ አፏን ዘጋች። እኔም አንዲት ስም ብትሸሸግ ምን ይመጣል ብዬ ተውኩት።

ቅዳሜ ነጋ። ኮሚቴው መጣ፤ ሊቀ መንበሩ መሪጌታ ውብሸት ናቸው። መሪጌታ ቅኔ ተቀኝተው ያደጉ ሰው ስለሆኑ በሰው ንግግር ሁሉ ሰም ገልጠው ወርቅ ይፈልጋሉ፤ «እንደምን አደሩ» ቢሏቸው እንኳ ትንሽ ያስቡበታል። ደላላውም መጥቶ ከግቢው ዋርካ ሥር ቆሟል፤ በመስኮቱ ወለል ብሎ ይታየኛል። ዳይሬክተሩ ዳልቻ ፊት ተቀመጠ። እኔ ወንበር ተሰጠኝ።

መሪጌታ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ልጅቱ የተማረች ናት፤ እሷ ብትከፍተው አይደንቀንም። ዳይሬክተሩ ይጻፍ፤ ስሙን ግን ፊደል ያልቆጠረ ሰው ይንገረው። ያኔ ለሁሉም ይሆናል ማለት ነው» አሉ። ከዚያ ወደ መልካም ዞሩ። «አንች አንዴ በጆሯቸው ንገሪያቸው፤ ከዚያ ወዲያ ትንፍሽ እንዳትይ።»

መልካም ይኸን ቀድማ አስባበት ኖሯል፤ ለዚሁ ነው ለካ ያመጣችኝ። ወደ ጆሮዬ ጎንበስ አለችና «በቅድመ አያቴ ስም ነው የሰየምኩት። ትምህርት ቤቱ ያረፈው እሳቸው በሰጡት መሬት አይደል? ስማቸውን ብቻ ይጥሩላቸው» ብላኝ፣ ደስ ብሏት ጥጓን ይዛ ቆመች።

እናንተዬ... ጉዴ ፈላ።

የመልካም ቅድመ አያት ማለት የባሌ አባት ናቸው፤ የእኔ አማት። ምራት ደግሞ የአማቷን ስም አትጠራም! ያልጋነሽ ብላ ስም ያወጣችልኝ የባሌ እናት በዚያው ቀን እጄን ይዛ «የአማትሽ ስም ከአፍሽ እንዳይወጣ» ብላኛለች። ከእናንተ ወገን «እና ምን አለበት?» የሚል ካለ፣ ወግ የሚባለው ምን አለበት ተብሎ የማይጠየቀው ነው። እኔም «ጋሻዬ» አልኳቸው። በቁማቸው ጋሻዬ፣ ከሞቱም በኋላ ጋሻዬ። ሚኒባስ ውስጥ «ጋሻዬ ድረስ» የምለው እሳቸውን ነው። አሁን እንኳ መልካም ስትጽፍ «ስማቸውን ላስገባው?» ብላኝ «ሰረዝ አድርጊበት!» ብያታለሁ። ስለዚህ ረጅም ሰረዝ ባያችሁበት ሁሉ ስማቸው እዚያ አለ በሉ።

ፈተናው ደግሞ ቀላል እንዳይመስላችሁ። ጋሻዬ ራሳቸው ከውጭ ሲገቡ ደጃፉ ላይ ይቆሙና «——— መጣ! ——— ገባ!» ይላሉ። የጎበዝ ፉከራ ነው ብዬ አንገቴን እደፋለሁ። የባሌ ታናሽ እህት፣ እት አበባ የምላት፣ ያን ጊዜ ትንሽ ልጅ ነበረች፤ የእሷማ ባሰ። ጥጥ ስፈትል አጠገቤ ቁጭ ትልና «አባታችን ——— እኮ፣ ——— ማለት፣ ሰዉ ሁሉ ——— የሚለው» እያለች ስሙን እንደ ዳዊት ትደግመዋለች። ልታሳስተኝ ነው ብዬ እንዝርቴን ይዤ ጓዳ እሸሻለሁ። እስከ ጓዳ ተከትላኝ ትመጣለች! ይኸን ሁሉ ተቋቁሜ አርጅቻለሁ። አሁን ለኮምፒዩተር ብዬ ልጥራው?

«እህ፣ እማማ ያልጋ» አሉ መሪጌታ። «የመጻሕፍቱ ቤት ማን ይባላል?»

«የልጆቼ አያት» አልኩ።

ዳይሬክተሩ ታዛዥ ሰው ነው፤ «የልጆቼ አያት» ብሎ ጻፈ። ዳልቻ አሰበ፣ አሰበና እንዲህ የሚባል የለም አለ።

«እንዴት የለም? አገር ሁሉ ጠላቸውን የጠጣላቸው!»

ዳይሬክተሩ «አገር ሁሉ ጠላቸውን የጠጣላቸው» ብሎ ጻፈ። የለም።

«ይኸን መሬት የሰጡት» አልኩ። የለም። «ጥቁር በቅሎ የነበራቸው» አልኩ። የለም። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ሆነ። ኮሚቴው እርስ በርሱ ይተያያል። አንዱ ወላጅ፣ እማማ ያልጋ መንገድ የሚያመላክቱት ሁሉ እንዲህ ከሆነ ያ ሁሉ እንግዳ የት ደርሶ ይሆን ሲል ሰማሁት። ዛሬም አልተውኩለትም።

መሪጌታ ግን ዓይናቸውን ጨፍነው ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። «ቆዩ፣ አትቸኩሉ» አሉ። «ቅኔ ነው። በቅሎዋ ሰም ናት። ጥቁር ያሉት ሌሊቱን ነው፤ ሌሊቱን የሚጋልበው ደግሞ ማን ነው? ጨረቃ! ጨረቃ ብለህ ጻፍ።»

ጨረቃ ተጻፈ። የለም።

«እንግዲያው ኮምፒዩተሩ ቅኔ አልተማረም» ብለው ዘጉት።

ወደ መስኮቱ አየሁ። ደላላው ከዋርካው ግንድ ጀርባውን አላቆ ኮቱን ያስተካክላል። በአንድ በኩል ዕድሜ ልኬን የጠበቅሁት ስም፣ በሌላ በኩል ልጄ! እስኪ እናንተ ብትሆኑ? አፌን ከፈትኩ። እመኑኝ፣ ልጠራው ነበር። ምላሴ ግን አልለመደውም፤ እንደ ለገመ በሬ መሬት ላይ ተኛ። «የዚያ... የዚያ ሰው...» አልኩ። ዳይሬክተሩ ጻፈው። የለም።

መልካምን አየኋት። መጀመሪያ ግራ ገብቷት ነበር፤ ደንግጠው ስሙ ጠፋባቸው ብላ ነው ያሰበችው። ኋላ ግን ዓይኔን ዓይኔን ስታየኝ ቆየችና እጇን አፏ ላይ ጫነች። ገባት! ከሕፃንነቷ ጀምሮ ስለ ጋሻዬ ስንት ነገር አውርቼላት፣ ስማቸውን ከእኔ አፍ አንድም ቀን እንዳልሰማች ያን ጊዜ ትዝ አላት።

«መሪጌታ...» አለች።

«ትንፍሽ!»

በእጇ ወደ ስም አዋቂዋ አመለከተች። መሪጌታ አሰቡበት። እሳቸው የማያስቡበት ነገር የለም። «የከለከልኩሽ መናገር ነው፤ መንካት አልከለከልኩም» አሉ። መልካም እዚያ ጥግ ጎንበስ ብላ አንድ ነገር መነካካት ጀመረች። እኔ ዕቃዋን የምትሰበስብ መሰለኝ። አለቀ፣ ልትሄድ ነው፣ በእኔ ምላስ ምክንያት ልጄ ባሕር ልትሻገር ነው... ሚኒባሱ ገደል ላይ ሲያዘነብል የምላት ቃል ሳላስበው ከአፌ ወጣች።

«ኧረ ጋሻዬ ድረስ!»

ታዛዡ ዳይሬክተር «ጋሻዬ» ብሎ ጻፈ።

ዳልቻ ቦግ አለ። መጻሕፍቱ ተደርድረው መጡ፤ የሒሳቡ፣ የሳይንሱ፣ ሥዕሉ፣ ካርታው... እኔ ሳላውቅ «ደረሱልኝ!» ብዬ ከወንበሬ ተነሣሁ። ቃል ለቃል የደረሱልኝ መስሎኝ ነው። ዳይሬክተሩ እሱንም ሊጽፈው ሲል መሪጌታ እጁን ያዙት።

«አሁን ተናገሪ» አሏት መልካምን።

«ኮምፒዩተሩ አንድ ነው፣ መሪጌታ» አለች። «የሰየምኩት ——— ብዬ ነው። አያቴ ግን የእሳቸው ምራት ናቸው፤ ስማቸውን አይጠሩም። ይኸን ረስቼ ነው ያስጨነቅኋቸው። አሁን ለስም አዋቂዋ፣ ጋሻዬ ብለው ቢጠይቁሽም ወደዚያው ደጅ አድርሽ አልኳት። እምዬ ሲጨንቃቸው ማንን እንደሚጠሩ አውቃለሁ። በሁለቱም ስም ቢጠሩት የሚደረሰው አንድ ቤት ነው።»

ኮሚቴው ሁሉ መሪጌታን ያያል፤ መሪጌታ ጣራውን ያያሉ።

«እኔ በቤተ ክርስቲያን ገብረ ሥላሴ ነኝ» አሉ ቀስ ብለው። «ገበያ ላይ ውብሸት ነኝ። ሚስቴ ደግሞ 'ስማ' ነው የምትለኝ። የምገባው ግን አንድ ቤት ነው። ትክክል ናት!»

ልቤ ተመለሰች። ግን ገና አላለቀም። መሪጌታ ዳይሬክተሩን «እስኪ ውብሸት ብለህ ጻፍ» አሉት። ጻፈ። እንዲህ የሚባል የለም። ፊታቸው ጠቆረ፤ እሳቸውን ያህል ሰው፣ በገዛ ትምህርት ቤታቸው! መልካም ደግሞ ነገር አታሳልፍም። «የሚመጥንዎት ሳገኝ ብዬ ነው፣ መሪጌታ። አሁኑኑ አስገባዎታለሁ» ብላ ጎንበስ አለች። ስማቸውን የደረበችው ለአመዶ ነው፣ ለወረቀት አታሚው። ቀጥሎ «ውብሸት» ሲጻፍ አመዶ ከጥጉ እያጓራ ወረቀት አወጣ። መሪጌታ ወረቀቱን ተቀብለው ገለጥ አድርገው አዩና፣ ባዶ ቢሆንም አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት።

«ትቀጠር» አሉ።

ሁሉም አጨበጨቡ፤ ደላላው ጭብጨባውን በመስኮት ሰምቶ ሄደ። ዝናቡ ያን ቀን ቀደም ብሎ መጥቶ ነበርና ጫማውን ጭቃ ሲነካው በዓይኔ አየሁ። ልጄ ከጎኔ ቀረች። ፓስፖርቷ እስከ ዛሬ ሳጥን ውስጥ ነው፤ አንዳንዴ ፎቶዋን ለማየት እከፍተዋለሁ፤ ተቆጥታ ነው የተነሣችው። የትምህርት ቤቱ ልጆች ደግሞ ትልቁን ኮምፒዩተር ከጋሻዬ በቀር ሌላ ስም ያለው አይመስላቸውም። አመዶ ወረቀት ሲነክስ «መሪጌታ ዛሬ ነከሱ» ይላሉ። ስለዚህ ስም አዋቂዋ ውሻው ይነክስ አይነክስ እንደሆነ መናገር ባትችልም ልጆቹ ይችላሉ።

እዚህ ላይ ልጆቹ ዳግም ይስቃሉ። ሁልጊዜም እዚህ ላይ ነው የማበቃላቸው።

ባለፈው በጋ ግን እግሬ ፍኖተ ሰላም አደረሰኝ። እት አበባ ጉልበቷን አሟት ልጠይቃት ነበር። ያች እንዝርቴን ይዤ የምሸሻት ሕፃን ዛሬ እንደ እኔው አርጅታለች። ነገሩ ከሆነ ዓመታት አልፈዋል፤ እኔ እንደ ትኩስ አድርጌ፣ እጄን እያወናጨፍኩ አወራሁላት። በሬዎቹ ላይ ሳቀች፤ ጨረቃው ላይ ጉልበቷን እስኪያማት ሳቀች። ስለ ጋሻዬ ፉከራና እሷ ስለምታሳድደኝ ሳወራ ግን ሳቋ ቆመ።

«አባቴ ለምን ደጅ ላይ ስሙን ይጠራ እንደነበር እስከ ዛሬ አታውቂም እንዴ?» አለችኝ።

«ፉከራ ነዋ።»

«የምን ፉከራ! አባቴ በልጅነቱ የቆሎ ተማሪ ሆኖ ከቤት የወጣ ሰው ነው፤ የምራት ወግ በማን ቤት አይቶ ያውቃል? ስሙን ስትጠሪው ባይሰማ ጊዜ፣ 'ያችን ልጅ ስሜን ሳይነግሯት ነው ያመጧት፤ ጠይቃ እንዳታፍር አጠገቧ ሆነሽ በዘዴ አሰሚያት' ብሎ እኔን ላከኝ። አንች ትሸሻለሽ። እኔ አልሆንልህ አለኝ ብዬ ነገርኩት። ከዚያ በኋላ ነው ራሱ ደጅ ላይ እየቆመ መጥራት የጀመረው። እስኪሞት ድረስ ጠራልሽ።»

«እናትሽስ? እሷ አትነግረውም ነበር?»

«እናቴማ ደስ ይላታል። ደጅ ላይ ድምፁን ስትሰማ ጠላውን ቀድማ ትቀዳለች። ለምን ትነግረዋለች?»

ያን ቀን በሚኒባስ ስመለስ ጠመዝማዛው ላይ ሁሉም ታቦቱን ሲጠራ እኔ ዝም አልኩ። ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ የእኔ ግን ነቅዟል። አሁን ይችን ስንጽፍ መልካም እጇን አቁማ «እዚህ ላይስ ሰረዝ ላድርግበት?» አለችኝ።

አታድርጊ። ጻፊው።

አያ ስሜነህ፣ ይግቡ። ሰምቻለሁ።